ከፎርማት በፊት ገመድ

እናንተዬ፣ በዚህች ከተማ ኮምፒውተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት ስንት ዓይነት ነው? እኛ የምናውቀው አንድ ብቻ ነው፦ ፎርማት። ማሽኑ ተንቀራፈፈ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አልሰጥ አለ? ፎርማት ይደረግ። ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ጠፋ? እሱማ በቃ፣ ሳይውል ሳያድር ፎርማት ይደረግ። ድሮ እናቶቻችን ለራስ ምታቱም ለምቹም ዳማከሴ ጨምቀው እንደሚያጠጡን፣ የዛሬዎቹ ጥገና ቤቶችም ለሁሉም ሕመም የሚጨምቁት ይህችኑ አንድ ቃል ነው። ልዩነቱ ዳማከሴ ያላችሁን ሁሉ አይደመስስም።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ቀጭን ገመድ ነው። ዋጋዋ ከሁለት ሦስት ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም፤ ርዝመቷ ክንድ አይሞላም። ይህች ገመድ ሦስት ጥገና ቤት አዙራን፣ እንቅልፍ ነስታን፣ መተኪያ የሌለው ነገር ልታስደመስስብን ምንም አልቀራትም ነበር።

መጀመሪያ ራሳችንን እናስተዋውቅ። «እኛ» ስንል ሦስት ነን፤ ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ጋዋኑን ለብሰን፣ ፎቶውን ተነስተን፣ ከዚያ በኋላ «የሥራ ልምድ አላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ስንመልስ የከረምን ሦስት ሴቶች። የቤት ኪራይ በጋራ፣ ወጥ በተራ፣ ኮምፒውተር በወረፋ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ከእኛ በፊት ስንት እጅ እንደዞረ ሆዱ ውስጥ የተከማቸው አቧራ ብቻ ያውቃል።

በዚህ ሳጥን ውስጥ ግን ለእኛ ከወርቅ የሚበልጥ ነገር ነበር። ተማሪዎች ሳለን ለመመረቂያ ሥራ ብለን የጀመርነው፣ ከተመረቅን በኋላም ያልተውነው የድምፅ ቅጂ። ከእንጦጦ ጫካ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሰብስበው፣ ጎብጠው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶችን እያነጋገርን ቀድተናል። የካ ላደገ ሰው ይህንን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም። በጉራራ፣ በፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ ኤምባሲ በላይ ባለው ዳገት ስትሄዱ ሸክሙ ብቻውን የሚራመድ ይመስላችኋል፤ ከሥሩ ያለችው ሰው የምትታየው አጠገባችሁ ስትደርስ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ተራራው ባህር ዛፍ ለብሷል፤ ባህር ዛፉም የአዲስ አበባን ምጣድ ሲያሞቅ ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የከተማ ልጅ ተራራውን የሚያውቀው በሽርሽሩና በቡናው ነው። እነዚያ እናቶች ግን ተራራውን የሚያውቁት በጀርባቸው ነው።

ካነጋገርናቸው አንዷ፣ ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው፣ ባለፈው ክረምት አረፉ። ልጃቸው ደወለችልን። «እናንተ ጋ የእማዬ ድምፅ አለ አይደል?» አለች። «እኛ ጋ ያለው የመታወቂያ ፎቶዋ ብቻ ነው። አርባዋ ሳይደርስ ብታሰሙኝ ደስ ይለኛል።» አርባው ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ኮምፒውተሩ መሞት የጀመረው።

አሟሟቱ እንዲህ ነው። ይነሳል፣ ደህና ይሠራል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፤ የሚከፈት ነገር ግን የለም። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን። ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ፣ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ተስፋ ቆርጠን፣ ነቅለነው፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ብድግ ይላል። ፋይሎቹን ልንገለብጥ ስንጀምር እንደገና ይሞታል። ሁለተኛው ቅጂ የነበረበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ከሁለት ወር በፊት መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ ከነቦርሳው ተሰርቋል። ስለዚህ የእማማ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው በዚህ በሚሞትና በሚነሳ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ተሸክመነው ወጣን።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ልጅ ሳይከፍተው ፈረደ። «ቫይረስ ነው እህቶቼ፤ ፎርማት አድርጌ ነገ እሰጣችኋለሁ።» ውስጡ የምንፈልገው ነገር እንዳለ ስንነግረው «ፋይልማ ይሄዳል፣ ምን ይደረጋል» አለን፤ የመንገድ ዳር ዛፍ ተቆረጠ የሚል ሰው ይመስል።

ሁለተኛው ደህና ሰው ነው፤ ቢያንስ ከፈተው። ራሙን አወጣ፣ በላጲስ ጠራርጎ መለሰ። ማሽኑ ተነሳ። ደስ ብሎን ከፍለን ወጣን። ቤት አድርሰን ሰካነው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሠራ፤ ሰማያዊ። ስንመለስበት «እንግዲያውስ ዊንዶውሱ ነው» አለ። ቀጥሎ ያለውን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው ጆሮውን አስጠግቶ ዲስኩን እንደ ሐኪም አዳመጠና «ሞቷል» ብሎ አረዳን። የት እንደምንኖር ጠየቀ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ አልነው። ሳቀ። «ተራራ ላይማ ሃርድ ዲስክ ይታፈናል። አየሩ ስስ ነው። አዲስ ግዙ።»

እኛም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ አላስተኛንምና በስልክ ማንበብ ጀመርን። አይገርማችሁም? የልጁ ነገር ከቀልድ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሃርድ ዲስክ በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። መረጃውን የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠረው የአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ ነው የሚያነበው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ ከዚያ ጋር ሲተያይ የሰው ፀጉር ግንድ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ተራ ዲስካቸው የሚሠራበትን ከፍታ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ ላይ የሚገድቡት። ቺሊ ውስጥ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አልማ የተባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ማዕከል ግዙፍ ኮምፒውተሩን ሲተክል ተራ ሃርድ ዲስክ መጠቀም ያልቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

እና እንጦጦ? እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የላከችውን መረጃ የተቀበለው ጣቢያም እንጦጦ ላይ ነው። እዚያ አናት ላይ ለሚሠራ ሰው እንግዲህ የዲስክና የአየር ነገር ቁም ነገር ነው። የእኛ ሠፈር ግን ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል፤ ከገደቡም በታች ነው። ደግሞስ ተራራው ቢሆን ኖሮ የፈረንሳይ ሠፈር ኮምፒውተር ሁሉ በአንድ ሌሊት ባለቀ ነበር። መላምቱ ጥሩ ነበር፤ ለእኛ ቤት ግን አልሠራም።

ወደ አራተኛው ሰው የላከን የአከራያችን ልጅ ነው። ድሮ ራዲዮና ቴፕ ይጠግኑ የነበሩ፣ አሁን አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ያገኙትን ሁሉ የሚጠግኑ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ማሽኑን አልነኩትም። መጀመሪያ ወንበር ሰጡን። ከዚያ ጠየቁ።

«መቼ ጀመረው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል፣ ጋሼ።»

«ከዚያ በፊት ምን ነበር? ወደቀ? ተከፈተ? መብራት ሄዶ መጣ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። «ቤት ቀይረን ነበር። ከኮተቤ በአይሱዙ ነው ያመጣነው።»

«በኮብልስቶኑ?»

«በኮብልስቶኑ።»

ፈገግ አሉ። «ሲሞት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው?»

«የለውም፤ ዝም ብሎ ነው።»

«ጠረጴዛው ሲነቃነቅስ?»

«ያኔማ ወዲያው ይሞታል።»

«እንግዲህ ልጆቼ፣ የሞተ ነገር አይነሳም። ይሄ እየሞተ የሚነሳው ስላልሞተ ነው። የላላ ነገር አለ።»

ወዳጆቻችን፣ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ያስተማሩንን ትምህርት አንድ ጠጋኝ በሁለት ደቂቃ ሠራበት። ምን? መቼ? የት? እንዴት? ለምን? ለዜና ብቻ የተፈጠሩ ጥያቄዎች ይመስሉን ነበር። ሦስቱ ጥገና ቤቶች ግን «ምን ሆነ?» ብለው ብቻ ጠይቀው ወደ መፍትሔው ዘለሉ። «መቼ ጀመረ?» ያለ አንድም አልነበረም። ቤት መቀየራችንን የሚያወጣው ደግሞ ያ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ጋሼ ሳጥኑን ከፈቱት። ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የምትሄደው ቀይ ገመድ በአንድ በኩል ዘንበል ብላ፣ ግማሽ አፏ ወጥቶ ተንጠልጥላለች። የወደቀች አይደለችም፤ ብትወድቅማ ማንም ያያት ነበር። ነክታለች፣ አልነካችም። ማሽኑ ሲሞቅ ትንሽ ፈቀቅ፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ጠጋ። የሃያ ደቂቃው ምሥጢር ይኸው ነበር።

አሁን ነገሩን እንደገባን እናስረዳችሁ። ዲስክ በሁለት ገመድ ነው የሚኖረው። አንደኛዋ መረጃ የምታመላልሰው፣ ሰባት መገናኛ ያላት ቀጭን ገመድ ናት። ሁለተኛዋ ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል የምታመጣው፣ አሥራ አምስት መገናኛ ያላት ጠፍጣፋ ናት። ሳታ የሚባለው ይህ ዓይነት አሰካክ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ በድሮ ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተሮች ሆድ ውስጥ የምናየው ሰፊ ግራጫ ገመድ፣ አርባ ቀዳዳ ስለነበረው ለመንቀል ጡንቻ ይጠይቅ ነበር። ሳታ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ለመሰካትም ይቀላል። ለመሰካት የቀለለ ነገር ለመነቀልም ይቀላል። በሳጥን ውስጥ የሚሰካው የሳታ መገናኛ የታሰበው ሃምሳ ጊዜ ያህል ተሰክቶ ለመነቀል ነው። ስንት እጅ የዞረ፣ በየጥገና ቤቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ማሽን ላይ ግን ማን ቆጥሮት!

ታዲያ ገመድ ስለላላ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ለምን ይወድቃል? ፋይሉ ብቻ አልከፈት ቢል አይበቃም? አይበቃም። ዊንዶውስ ከራም የተረፈውን ሥራ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲፈልገው መልሶ ይጠራዋል። ራሱ የሚንቀሳቀስበትም ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ማጀት ገብታችሁ ሽሮውን ልታወጡ ስትሉ ማጀቱ ራሱ ቢሰወር ምን ታደርጋላችሁ? ዊንዶውስም መጀመሪያ ይጠብቃል፤ ማውስ እየተንቀሳቀሰ ምንም የማይከፈተው ያኔ ነው። መልስ ሲያጣ የባሰ ጥፋት እንዳይደርስ ራሱን ያቆማል። ሰማያዊው ስክሪን የሞት ማስታወቂያ ሳይሆን «ከዚህ በላይ በጭፍን አልሄድም» የሚል ቃል ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውንም አትናቁት፤ ፎቶ አንሱት። በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች በቁጥር፣ በአዲሶቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስም ይመጣል። መጨረሻው ሰባት-ኤ ከሆነ «ከዲስክ ላይ የፈለግሁትን ማንበብ አልቻልኩም» ማለቱ ነው። ሰባት-ቢ ከሆነ «የምነሳበትን ዲስክ ላገኘው አልቻልኩም» ይላል። ኤፍ-አራት ደግሞ «ያለ እሱ መኖር የማልችለው ፕሮግራም ቆመብኝ» ነው፤ ዲስክ በድንገት ሲሰወር ይህም ይመጣል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ኮዶች ወደ ዲስኩ አቅጣጫ ይጠቁማሉ እንጂ «ገመዱ ነው» አይሉም። ገመዱ ይሁን ዲስኩ የሚለየው ሌላ ነገር ነው።

ያንን ሌላ ነገር ያሳዩን ጋሼ ናቸው። ከመሳቢያቸው የብረት መያዣ ያላት፣ ስትገባ «ቀጭ» የምትል ገመድ አውጥተው ቀየሩልን፤ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሰኩልን። ከዚያ የዲስክ ጤና የሚያነብ አንድ ነጻ ፕሮግራም ከፈቱ። ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል። እዚያ ውስጥ 199 የሚል ቁጥር ያለው መስመር አለ፤ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ሲ-ሰባት ተብሎ ይጻፋል። ይህ መስመር መንገድ ላይ እያለ፣ ማለትም ገመዱ ውስጥ፣ ተበላሽቶ የደረሰን መረጃ ይቆጥራል። 5 እና 197 የሚሉት መስመሮች ደግሞ የሳህኑን የራሱን ቁስል ይቆጥራሉ። 5 እና 197 ዜሮ ሆነው 199 ብቻ ካደገ ጣታችሁን ወደ ገመዱ ቀስሩ። 5 ወይም 197 እያደገ ከሄደ ግን ዲስኩ እውነትም እያረጀ ነው፤ ያላችሁን ገልብጡና አሰናብቱት። በኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ ቁጥሮቹ እንደ አምራቹ ስለሚለያዩ ስማቸውን አንብቡ።

የእኛ ዲስክ 5 ላይ ዜሮ፣ 197 ላይ ዜሮ፣ 199 ላይ ግን ብዙ መቶ ነበር። «ይሄ ቁጥር ገመድ ስለቀየርኩ ወደ ዜሮ አይመለስም» አሉ ጋሼ። «ጠባሳ ነው። መጨመሩን ካቆመ ድኗል ማለት ነው።» ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ሰጡን። ይህንን ከጻፍንበት ቀን ድረስ አንድም አልጨመረም።

በላላ ገመድ መሸወድ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ከስዊዘርላንዱ ሰርን ጣሊያን ውስጥ እስካለው ግራን ሳሶ፣ 730 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዙ ኒውትሪኖዎች ብርሃንን በ60 ናኖሰከንድ ገደማ ቀደሙ የሚል ውጤት ይፋ አደረገ። ዓለም ተንጫጫ፤ የአንስታይን ነገር አበቃለት የሚልም ተነሳ። በየካቲት 2012 ምክንያቱ ሲገኝ ምን ነበር መሰላችሁ? በደንብ ያልገባ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ፣ በተጨማሪም በትክክል የማይቆጥር ሰዓት። እነሱ አንስታይንን ፎርማት አላደረጉትም፤ ተመልሰው ገመዳቸውን ፈተሹ።

እንግዲህ የእናንተም ማሽን እንዲህ መንፈራገጥ ከጀመረ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ፎርማት ለሚላችሁ ሁሉ «ቆይ» በሉ። ዲስኩን የሚያስተካክል የዊንዶውስ ፕሮግራምም ቢሆን ገመዱ ሳይጠብቅ አታስነሱ፤ እየተቋረጠ የሚሄድ ዲስክ ላይ ጥገና ማካሄድ የደህናውንም ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ። ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት ብረቱን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ገመዶች በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱ። ጠማማ ከገባ አልገባም። መያዣ የሌለው ገመድ ከሆነ መያዣ ባለው ቀይሩት።

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ገመዱን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ቀዳዳውን፤ ከዚያ የኃይሉን መስመር። ሁሉን አንድ ላይ ከቀየራችሁ ማሽኑ ቢድንም ያዳነውን አታውቁትም።

አምስተኛ፣ የኃይሉ ገመድ ባለ አራት ቀዳዳውን የድሮ መስመር ወደ ሳታ በሚቀይር ርካሽ መቀጠያ የመጣ ከሆነ በክፉ ዓይን እዩት። ከእነዚህ መካከል ግለው የሚቀልጡና የሚቃጠሉ አሉ። የኃይል መቆራረጥ ደግሞ 199 ላይ ላይታይ ይችላል፤ ምልክቱ ዲስኩ በድንገት ቆሞ እንደገና መሽከርከር ሲጀምር የሚሰማው ድምፅ ነው።

ስድስተኛ፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኛችሁት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። እሷ ስታልቅ የማሽኑ ቅንብር ይጠፋል፤ ዲስኩን የሚያነብበት ስልትም ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለ ያ ሰባት-ቢ የሚባለው ይመጣል። መብራት በሚመላለስበት ሠፈር ያረጀ ማሽን ያላችሁ ይህችን እንዳትረሱ።

ሰባተኛ፣ ላፕቶፕ ላላችሁ፣ በብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ ዲስኩ የሚያያዘው በቀጭን ጠፍጣፋ ሪባን ነው፤ እሱም ይላላል። በአዲሶቹ ላይ ያለው የማስቲካ ቅርጽ ያለው ዲስክ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ብሎን የሚያዝ ነው፤ ብሎኗ ከሌለች ጫፉ ይነሳል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ዲስኩ ሌላ ደህና ኮምፒውተር ላይም ተሰክቶ አልታይ ካለ፣ ያኔ ነው ስለ ሞት የሚወራው።

በዚያ ምሽት ማሽኑን ወደ ቤት ይዘን ስንወጣ አይሱዙ አልተከራየንም፤ እንደ አራስ ልጅ አቅፈነው ዳገቱን በእግራችን ወጣን። መጀመሪያ የገለበጥነው የእማማን ፋይል ነው። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ። አንድ ሰዓት። ማንም ጠረጴዛውን አልነካም፤ ማንም ጮክ ብሎ አልተነፈሰም። ሲያልቅ ከሦስታችን አንዷ ሆን ብላ ጠረጴዛውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ማሽኑ ምንም አላለም።

ልጃቸው አርባው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው መጣች። ጥያቄና መልሱን ይዘለል፣ እሷ የምትፈልገው ስለ ሸክምና ስለ ደን ጥበቃ የተናገሩትን አይደለም ብለን ፈርተን ነበር። ቅጂው ሲጀምር እኛ በዚያ የተማሪ ድምፃችን «እማማ፣ ይህንን ሥራ መቼ ጀመሩ?» እንላለን። እማማ ያቋርጡናል፦ «መጀመሪያ ቆሎውን ብሉ። ጥያቄው የትም አይሄድም።» ልጅቱ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ አስደገመችን፤ «እንዲህ ነው የምትለን፣ ልክ እንዲህ ነው» እያለች። ከዚያ ስልኳ ላይ ጫንንላት፤ እሷም እዚያው ቁጭ ብላ አረብ አገር ላለው ወንድሟ ላከችለት። የእማማ ድምፅ አሁን በሦስት ቦታ አለ። አንዱ ቢሰረቅ፣ አንዱ ቢላላ፣ ሦስተኛው ባሕር ማዶ ነው።

አንድ ነገር ብለን እናብቃ። ሦስቱን ጥገና ቤቶች አንከሳቸውም። ደጃቸው ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎ እያለ፣ ሁሉም «ቶሎ በል» እያለው፣ ፎርማት ለጠጋኙ ቀላሉ መንገድ ነው፦ ጥያቄ አይጠይቅም፣ ጊዜ አይፈጅም፣ ንጹሕ ማሽን ያስረክባል። ዋጋውን የሚከፍለው ማሽኑ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ግን ለዚያች ወንበርና ለእነዚያ አምስት ጥያቄዎች ያስከፈሉን ምንም አልነበረም፤ የተቀበሉን የገመዷን ዋጋ ብቻ ነው። ስናመሰግናቸው «እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ፤ እኔ ምን አደረግሁ» አሉን።

እናም ወዳጆቻችን፣ የሠርጋችሁ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የአያታችሁ ድምፅ ያለበት ማሽን ድንገት ቢዘረር፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት «መቼ ጀመረው?» በሉ። ከዚያ ሳጥኑን ክፈቱና ገመዱን ጫን አድርጉት። «ቀጭ» ካለ ደውሉልን፤ ማኪያቶው በእኛ ነው።

ቸር እንሰንብት!